በሰማንያ ቀኑ ስለተጠመቀው ልጃችን

የሺዬ፣

ከግንቡ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ በሐረር ከተማ እንደኔ አድርጎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ይህን ስትሰሚ አፍሽን እንደምታጣምሚ አውቃለሁ። እሺ፣ ከተማውን ልተወው፤ በማታ ትምህርት ክፍላችን ውስጥ የለም። እሱም ቢሆን ወይዘሮ ድንቄን ሳይጨምር ነው፤ እሳቸው ከኔ ቀድመው ጀምረዋል፣ መነጽርም አላቸው። ከኋላ ወንበር ተቀማጮች ግን አንደኛ ነኝ። ይህችን እንኳ ተይልኝ።

አዎ፣ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ባልሽ ግዛቸው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ ፈርም ሲሉት አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ይነክር የነበረው ሰውዬ፣ ይኸው እርሳስ ቀርጾ ተቀምጧል። መምህርታችን ገና ልጅ ናት፤ ቁጣዋ ግን የአንድ ሻለቃ ጦር ያህላል። "ሩቅ ላለ ሰው ደብዳቤ ጻፉ" አለችን። አንዱ ጅግጅጋ ላለ ወንድሙ ጻፈ፤ አንዷ ዓረብ አገር ላለች ልጇ። እኔ ሩቅ ያለ ሰው ባስብ ባስብ ካንቺ የራቀ አጣሁ። አጀማመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፋልን ነበር፤ "ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ" ይላል። ገለበጥኩት። ከዚያ ትንሽ አየሁትና በላጲስ አጠፋሁት። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ የቀረው ለዚህ ነው።

ከተለየሽን ሦስት ክረምት አለፈ። የሦስተኛ ሙት ዓመትሽን ባለፈው ወር አወጣን፤ እሱን ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። ቤታችን ያው ነው ልበልሽ? ያው እንዳልሆነ አንቺው ታውቂያለሽ። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል። ፔጆዎቹ ታክሲዎች እያለቁ መንገዱን ባጃጅ ሞልቶታል። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም መሸጣቸውን አልተዉም፤ ጉልበታቸው ግን እምቢ እያላቸው ነው። ባገኙኝ ቁጥር "የሺ በኖረች እግሬን ታሽልኝ ነበር" ይሉኛል። እኔ ላሽልዎት ስላቸው "አስተግፊሩላህ! ሂድ ከፊቴ!" ብለው በከዘራቸው ያባርሩኛል። ከዚያ ሁለታችንም ትንሽ እንስቅና ወደየሥራችን እንሄዳለን። አልጋው ላይ ያንቺን ትራስ አላነሳሁትም። መሃል ላይ መተኛት ሞክሬ ነበር፤ አቃተኝ።

ፊደል ያስቆጠርሽኝም አንቺው ነሽ። እኔ ስለካና ስቆርጥ፣ አንቺ የባለቤቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ በመርፌ ቁልፍ ጨርቁ ላይ ትሰኪ ነበር። ካንቺ በኋላ "በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ" ብዬ ፎከርኩ። መያዙንስ ይዤ ነበር፤ ግን የአንድ የሶፊ ወረዳ ገበሬ ሱሪ ለጡረተኛው መቶ አለቃ፣ የመቶ አለቃውን ለገበሬው ሰጠሁ። የመቶ አለቃውን ሆድ ታውቂዋለሽ። ገበሬው ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ ለብሶ ጊደር መጋላን አቋርጦ መጣ፤ በአንድ እጁ ሱሪውን ጨብጧል፣ በሌላው ኮሌታዬን። የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ሁሉ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማን ከኔ በላይ ይስቃል? ቤት ገብቼ ግን ያቺን መርፌ ቁልፍ የምታስቀምጪባትን ቆርቆሮ ሳይ አለቀስኩ። በማግስቱ ማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት መግባቱን ፈርቼ ነው።

ወሬው የልጃችን ነው፤ የደስታ። ደስታ ደህና ነው። ትምህርቱንም ይማራል። ልጃችን ወንድ ነው፣ የሺ። እየቀለድኩ አይደለም። ቀልዴንና እውነቴን ከሰው ሁሉ የምትለዪው አንቺ ነበርሽ፤ አሁንም ለዪልኝ።

አዋላጇ "ሴት ናት" ስትል እኔም አንቺም አየን፤ ሴት ነበረች፣ ሌላ ነገር አላየንም። እንደ ሥርዓቱ ወንድ ቢሆን በአርባ ቀን፣ ሴት ስለሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና አነሳናት። እነዚያ ሰማንያ ቀናት እንዴት ረዝመውብሽ ነበር! "ወንድ ብወልድ ይኸኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተመልሼ ነበር" እያልሽ ትስቂ ነበር። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። የቤት ስሟን አንቺ ደስታ አልሽ። ደስታ የሚባል ወንድም ሴትም ስላለ በዚህ በኩል ነቢይ ነበርሽ፤ ስሙን መለወጥ አላስፈለገንም። ከዚህ በታች ስለ ድሮው ስጽፍም "እሱ" እላለሁ። የጠየቀኝ እሱ ነው፤ አንቺም ልመጂልኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደስታ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሱቅ ይመጣና ያንቺ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ቁልፍ ይተክልልኛል፤ ሲሰለቸው ከሠፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ? ጠጉር መጎንጎን አልችል። አንድ ቀን ሞክሬ ራሱን ያመመው መስሎ ዋለ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልሰፋለት ትከሻውን ለካሁ። ልኬቱን አላመንኩም። እንደገና ለካሁ። ሜትሩ ተኮማትሮ ነው ብዬ አዲስ ሜትር ገዛሁ። አዲሱም ያንኑ አለኝ። ሲያድግ እለቅለታለሁ ብዬ ከውስጥ አጥፌ የተውኩት ጨርቅ ሁሉ በአንድ ክረምት አለቀ፤ ያውም ወገቡ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻ ስለካ የኖርኩ ሰውዬ፣ ያየሁትን እንዳላየሁ ሆንኩ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። ጉሮሮውን ብርድ መትቶታል ብዬ ዝንጅብል በማር አጠጣሁት። ጠጣልኝ። ብዙ ዝንጅብል ጠጣ፣ ምስኪን። በኋላ ጨርሶ መናገር ተወ። እኔ ያንቺ ሐዘን አሁን ገና የወጣበት መሰለኝ፤ እሱ ግን ድምፁን ሰው እንዳይሰማበት ነበር ዝም ያለው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሳያቋርጥ ያወራል፣ ሌላው አፉን ዘግቷል። ማታ ማታ ራት ስንበላ የምሰማው የራሴን ቀልድ ብቻ ነበር።

እህትሽ እትዬ አስናቀች ከድሬዳዋ ሊጠይቁን የመጡት በዚህ መሃል ነው። ደስታን ደጃፉ ላይ ቆሞ አዩት። ሻንጣቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

"አንተ ግዛቸው፣ ይቺን ልጅ ምን አደረግሃት?"

"ምን አደረግኋት እትዬ? አደገች እንጂ።"

"እንዲህ ነው ማደግ? በመኪና ጩኸትና በወንድ ጨዋታ መሀል አስቀምጠህ አሳደግሃት! ሴት ልጅ ሴት እያየች ነው ሴት የምትሆነው። ማንን አይታ ትማር? አንተን?"

ማንን አይታ ትማር ሲሉኝ ዓይኔ ወዳንቺ በርጩማ ሄደ። ሠፈሩም ሲያንሾካሹክ ሰንብቷል፤ "ያለ እናት ያደገች" ይሉ ነበር። ሲደጋገም የራሴ ሐሳብ ሆነብኝ። ልጅሽን አሳድገሽ ሳትጨርሺ ሄደሽ፣ እኔ ደግሞ ሳላውቀው አበላሸኋት አልኩ።

እትዬ አስናቀች ቀይ ቀሚስና የጆሮ ጌጥ ይዘው መጥተው ነበር። ደስታ ለበሰው። እንደ ባለሙያ ልናገርና ስፌቱ ጥሩ ነበር። ልጁ ግን ውስጡ አልነበረም። ባዶ ቀሚስ መስቀያ ላይ አይቼ አውቃለሁ፤ ሰው ላይ ያን ያህል ባዶ ሆኖ ያየሁት ያኔ ነው።

ከእትዬ ጋር ተስማማን። ከሙት ዓመትሽ በኋላ ደስታን ድሬዳዋ ወስደው ከሴት ልጆቻቸው ጋር ሊያሳድጉት፣ እንደ ሴት እንዲሆን ሊያለማምዱት። እኔም እሺ አልኩ። ያለ እሱ ያ ቤት ምን እንደሚሆን እያወቅሁ እሺ አልኩ፣ ላንቺ ስል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሐኪም ከሚባለው ተራራ በኩል ውኃ ቀድቶ ሲመለስ፣ ጄሪካኑን ጣለና ብሽሽቱን ይዞ መንገድ ላይ ተቀመጠ። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስኩት። የመረመሩት ዶክተር ጎልማሳ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ደስታን ብቻውን አነጋገሩት፣ ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ደሙ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። መልሱ እስኪመጣ ስንት ሱሪ እንዳበላሸሁ አትጠይቂኝ።

መልሱ የመጣ ዕለት ዶክተሩ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ሣሉልኝ። አንዱ ተከፍቶ የተቀመጠ መቀስ ይመስላል፤ ሁለተኛው ባላ እንጨት። ሴት በደሟ ውስጥ ሁለት መቀስ አላት፤ ወንድ አንድ መቀስና አንድ ባላ አለው፤ የደስታ ደም ባላ አለው አሉኝ። መቀስና ባላ ያልኩት እንኳ እኔ ነኝ፤ እሳቸው ኤክስና ዋይ ነው ያሉት። ሁላችንም በእናታችን ማሕፀን ስንጀምር ወንዱም ሴቱም አንድ ዓይነት ነን አሉ። ከዚያ ያ ባላ ትእዛዝ ይሰጥና ሆርሞን የሚባል ነገር ይመነጫል፤ ሆርሞኑ በደም እየዞረ ለየአካሉ "አንተ እንዲህ ሁን" ይለዋል። ደስታ ላይ ያንን ሆርሞን ወደ መጨረሻው ዓይነት የሚለውጠው ነገር ጎደለ። ስለዚህ ውስጡ ወንድ ሆኖ፣ ውጩ ሳይጨረስ ተወለደ። የጉርምስና ጊዜ ሲደርስ ሆርሞኑ እንደ ጎርፍ መጣና ሰውነቱ የራሱን መንገድ ያዘ። ብሽሽቱን ያመመውም የወንድነቱ ፍሬ እዚያ ተደብቆ ስለነበር ነው።

እኔ በገባኝ ልንገርሽ። ጨርቁ ሱሪ ተብሎ ተቆርጧል፤ ሳይሰፋ ታጥፎ ስለተቀመጠ ያየው ሁሉ ጉርድ ቀሚስ መሰለው። ይህን ለዶክተሩ ስነግራቸው ሳቁና "ከኔ የተሻለ አስረዱ" አሉኝ። እውነት ብለውኛል! እሺ፣ "ደህና አስረዱ" ነው ያሉኝ።

ከዚያ ያስጨነቀኝን ጠየቅኋቸው። "ዶክተር፣ እናቱ የለችም፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ በወንድ መሃል። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት?"

"እርስዎ ቢፈልጉም አይችሉም ነበር" አሉኝ።

"ቀሚስ ብናለብሰውስ? ከሴቶች ጋር ቢውልስ?"

"ቀሚስ ሆርሞን አያዝዝም፣ አባቴ።"

ልቤ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሳ ተሰማኝ። ዶክተሩ ግን ቶሎ አልለቀቁኝም። ሳይንሱ ሁሉን አያውቅም አሉ። እንዲህ ሆነው ተወልደው ሴት ነኝ ብለው የሚኖሩም አሉ፤ ወንድ ነኝ የሚሉም አሉ። "የደሙን እኔ ነገርኩዎት፤ የልቡን ልጁን ይጠይቁት። እስካሁን ማን ጠየቀው?" አሉኝ። የሺ፣ ማንም አልጠየቀውም። ሠፈሩ ተናገረ፣ እትዬ ተናገሩ፣ ሜትሩ እንኳ ተናገረ። እሱን የጠየቀው የለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ይህ የጎደለው ነገር ከእናትም ከአባትም እኩል ካልመጣ አይሆንም አሉኝ፤ ጥፋት ሳይሆን ውርስ ነው፣ ግማሹ ካንቺ ግማሹ ከኔ። ሌላ ሰው ቢሰማው ያዝን ይሆናል። እኔ ግን ከሞትሽ ወዲህ ስማችንን አብሮ የጠራ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ደስ አለኝ።

ስንመለስ በእግር ነው የመጣነው። ልቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም ቀልድ አልመጣልኝ አለ። "ደስታ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት፤ "አንተ" ማለቴንም ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቆመ። ሳምንታት ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ፤ የሰው ድምፅ፣ የጎረምሳ።

"አባዬ፣ እኔማ ከድሮም ሴት መሆኑ አይሆንልኝም ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እማዬ የሞተችው ሴት ልጅ አለችኝ ብላ ነው። ወንድ ነኝ ብዬ ብናገር ልጇን የምገድልባት መሰለኝ።"

መንገዱ ዳር ቁጭ አልን። ባጃጆች ሲያልፉ ጥሩምባ እየነፉ "ትሄዳላችሁ?" ይሉናል። አልሄድንም።

ለእትዬ አስናቀች ስነግራቸው ጮኹ። መቀስና ባላውንም ሣልኩላቸው፤ አላዩትም። "እህቴን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ የእህቴን ልጅ ቅበሪ ትለኛለህ?" ብለው አለቀሱ። ክፉ ሰው አይደሉም። ደስታ ሲስቅ ፊትሽን ስለሚያዩበት ነው፤ እኔም አይበታለሁ። አዴ ዘይነባ በግድግዳው በኩል ሰምተው በከዘራቸው እየተመረኮዙ መጡ። "ሱብሃነላህ፣ ምን ያስጮሃል? በኛ በኩል ሸሆቹ ይህን ያውቁታል፤ በመጽሐፋቸው፣ በኪታቡ ላይ አለ። ድሮም ነበረ። አላህ ፈጥሮ ጨርሷል፤ እናንተ ናችሁ ገና የምትጣሉት" አሉ። ከዚያ ደስታን "ና ልጄ፣ ይህን ቅመም ተሸከምልኝ" ብለው ይዘውት ወጡ። ሳያስቡት "ና" ያሉት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ከኔ በቀር።

የቀረው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ደስታ ካመመው ጊዜ ጀምሮ ወደ ውስጥ አልገባም። በወንዶች በር ቢገባ ሴት ናት ይሉታል፤ በሴቶች በር ቢገባ ትከሻውን ያዩታል። ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። የሙት ዓመትሽ ጸሎት ሲደርስ ግን "እማዬ ስትታሰብ ውጭ አልቆምም" አለኝ። እትዬም ነጠላ አዘጋጅተው "በሴቶች በኩል ከኔ ጋር ትገባለች፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ይዣት እሄዳለሁ" እንዳሉ ናቸው። ቃል ገብቼላቸው ነበር። ቀኑ እየቀረበ መጣ።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። "አባ፣ በሰማንያ ቀን ያጠመቁልኝ ልጅ የአርባ ቀን ልጅ ሆኖ ተገኘ" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየነኩ አደመጡኝ።

"አርባ ቀን ሙሉ ያለ ክርስትና አቆየነው አባ።"

"እግዚአብሔር አርባ ቀን ቢጠብቅ የሚሰለቸው መስሎሃል?"

"እንደገና ይጠመቅ እንዴ?"

"ጥምቀት አይደገምም። የተጠመቀው ተጠምቋል።"

ስለ ስሙ ግን በራሴ ሥልጣን አልለውጥም፣ ወለተ ማርያም የሚለውን ሊቃውንቱን ልጠይቅ አሉኝ። እስካሁንም እየጠየቁ ነው። በየትኛው በር ይግባ ስላቸውም የሐኪሙን ቃል በራሳቸው ጆሮ ሊሰሙ ፈለጉ። ዶክተሩ ጋ አብረን ሄድን። እዚያም አደመጡ። የሙት ዓመትሽ ዋዜማ ሰው ልከው "ከአባቱ ጋር ይግባ" አሉኝ። ይህችን ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ደስታ እኔ የሰፋሁለትን ሱሪ ለብሶ፣ ነጠላውን ራሱ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሰው ሲያየን ይሰማኛል፤ ማየት ድምፅ አለው፣ ታውቂያለሽ? እትዬ በሴቶቹ በር በኩል ቆመው እጃቸውን ዘረጉለት። አልጠሩትም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። እኔ በወንዶቹ በር ጫማዬን አወለቅሁ። ደስታ መሃል ላይ ቀረ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ከዚያ ወደኔ መጣና በዚያ በወፈረ ድምፁ፣ ለማንም እንዳይሰማ፣ "አባዬ፣ እማዬ ብታይ ምን ትለኝ ነበር?" አለኝ።

በሆስፒታል በመጨረሻው ቀን ያልሽኝን ነገርኩት። "ይህ ልጅ እያደገ ሲሄድ፣ ልብሱን አስፋ እንጂ ልጁን አታጥብብ" ብላኛለች አልኩት። "እንዲህ አለች?" አለኝ። "እንዲህ አለች" አልኩት። ጫማውን አወለቀና ከኔ ጎን አስቀመጠው። ገባን። ጸሎቱ ላይ ስምሽ ሲጠራ እጄን ይዞ ነበር፤ እጁ ከኔ እጅ በልጧል። አለቀስን፤ ያለቀስነው ግን ስላንቺ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሌላ ነገር አላስለቀሰንም።

ከሰዓት ሰው ሲበታተን እትዬ አስናቀች ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ አየሁ። ያንን ቀይ ቀሚስ ከደስታ ሳጥን ላይ አንስተው፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፈውት ትንሽ ቆዩ፤ አጥፈው ከተቱት። "አንተ ልጅ፣ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ፤ ሻንጣው ይከብዳል" አሉት። ሻንጣው አይከብድም ነበር። ብቻቸውን ሄዱ፣ የሺ። ደስታ ከመናኸሪያ ተመልሶ ራት አብረን በላን። ያን ማታ እሱ አወራ፤ እኔ ሰማሁ።

እስከዚህ ያለውን ደስታ አንብቦልኛል፤ ፊደሉንም አርሞልኛል። አንድ ቦታ ላይ "አባዬ ይህንን አውጣው" አለኝ፤ አወጣሁት፤ ምን እንደነበር ላንቺም አልናገርም። አሁን ኳስ ሊጫወት ወጥቷል። ከዚህ በታች ያለው ስህተት ሁሉ የእኔ ብቻ ነው።

የሺዬ፣ አልረሳሽም። ይህን የምለው እንደ ጉራዬ አይደለም። በየሙት ዓመትሽ በዚያች በር ከልጃችን ጋር እገባለሁ፤ እኔ ባልኖር እሱ ይገባል፤ ቃል አስገብቼዋለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሳቅሽ አለኝ፣ ቁጣሽ አለኝ፤ ድምፅሽ ግን እየራቀኝ ነው። አንዳንድ ቀን አንቺ ያልሽውንና እኔ የቀባጠርኩትን መለየት ያቅተኛል። ስለዚህ ሳይደባለቅብኝ፣ መጻፍ በቻለው እጄ ያልሽውን ካላልሽው ለይቼ ላስቀምጥልሽ። እስካሁንም "መቼ አልኩ?" እያልሽ እንደሆነ ይገባኛል።

ያን ቀን ኦክስጅኑ አፍሽ ላይ ነበር። ስለ ደስታ አላነሳሽም። ስለ ልብስም አላነሳሽም። ጭምብሉን በጣትሽ ገፋ አድርገሽ "መጋረጃውን ክፈተው" አልሽኝ፤ ከፈትኩት፤ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ መጣ፤ ሌላ አልተናገርሽም። ልብሱን አስፋ እንጂ ልጁን አታጥብብ ያልሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ፣ እዚያ በር ላይ፣ ልጁ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ ካንቺ የምሰጠው ሌላ ነገር ስላጣሁ።